ዋንዛው ይቆየን፣ ቅርፊቱ ይቅደም

በእኛ ዲፓርትመንት የእንጨት ቅርጽ ኮርስ እንዴት እንደሚጀመር ለአንባቢ መተረክ ለቀባሪው ማርዳት ነው። መሮ ጨብጦ የማያውቅ ተማሪ ገና በመጀመሪያው ወር አንድ ጉማጅ ዋንዛ ገዝቶ እንዲመጣ ይታዘዛል፤ የሰው ፊት ቅረጽበት ይባላል። ልጁ ደግሞ የዋንዛውን ዋጋ ያውቃል። አፍንጫው አንዴ ከተገነጠለ ሌላ መግዣ የለውም። ስለዚህ ጠለቅ አድርጎ ለመቁረጥ አይደፍርም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዙሪያውን ሲፍቅ ከርሞ በመጨረሻ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ያስረክባል። ግሬዱ ላይከፋ ይችላል። ግን መቅረጽ ተማረ ወይ? እኔ አልተማረም ባይ ነኝ። የተማረው ፍርሃት ነው። በሁለተኛው ሴሚስተር ከእኛ ባች ስንቱ ቅርጽን ትቶ ወደ ሥዕልና ወደ ግራፊክስ እንደፈለሰ ያየ ሁሉ ይመሰክራል።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ ለመምህሮቻችንም ለጓደኞቼም ላቀርብ እወዳለሁ። የጀማሪ የመጀመሪያ ሥራ ከዛፍ ቅርፊት የሚቀረጽ ትንሽ ቤት ይሁን። አዎ፣ ጣሪያው የተንጋደደ፣ ጭስ መውጫው ያዘመመ፣ ደረጃው የትም የማያደርስ፣ ሕፃናት አይተው የሚስቁበት ዓይነት ቤት።

ነገሩ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ በጣም የታወቀ ሥራ ነው። እዚያ በወንዝ ዳር የሚበቅል ኮተንዉድ የሚባል ዛፍ አለ፤ ከፖፕላር ወገን ነው። ሲያረጅ የውጭ ቅርፊቱ እየተደራረበ ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ሊወፍር ይችላል። ዛፉ ከሞተ በኋላ ጥቂት ዓመታት ሲቆይ ቅርፊቱ ከግንዱ ይላቀቃል፤ ቀራጮቹም እየዞሩ ይለቅሙታል። ሪክ ጄንሰንና ጃክ ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ2004 ስለዚሁ ሥራ በሥዕል የተደገፈ መመሪያ አሳትመዋል፤ በዋናነት የሚያስተምሩትም እነዚህን ቤቶችና ጺማም የጫካ መንፈስ ፊቶችን ነው። በነገራችን ላይ በአሪዞና የሚኖሩት የሆፒ ሕዝቦች ካቺና የሚባሉትን ምስሎቻቸውን የሚቀርጹት ከዚሁ ዛፍ ሥራ ሥር ነው። እሱ ግን ከእምነታቸው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከጨዋታ ቤቱ ጋር አይደባለቅ።

ቅርፊት ለጀማሪ ለምን ይሻላል? ለስላሳ ነው። መዶሻ አይፈልግም፤ አንድ ስል ቢላና አንድ ጎድጓዳ መሮ ይበቃል። ግን ልስላሴው ያታልላል። ቢላው ከደነዘዘ ቅርፊቱ አይቆረጥም፣ ይፈረፈራል። ዋንዛ ላይ የመሮ መደንዘዝ በጉልበት ይሸፈናል፤ ቅርፊት ላይ ግን ጉልበት በተጨመረ ቁጥር የመስኮቱ ጠርዝ ይረግፋል። ስለዚህ ተማሪው ማንም ሳይቆጣው በየአሥር ደቂቃው ተነስቶ ወደ መሳያው ድንጋይ ይሄዳል። ስለ ስለት በሌክቸር ከመስማትና እንዲህ ከመማር የትኛው እንደሚሻል ለእናንተው ልተወው።

ሌላው ደግሞ ቅርፊት እንደ መጽሐፍ ገጽ ንብርብር መሆኑ ነው። ምላጩ በንብርብሩ መሃል ከገባ ሳይታሰብ ትልቅ ቁራሽ ተልጦ ይነሳል፤ ስለዚህ እጅ ከመንቀሳቀሱ በፊት ዓይን ማንበብ ይለምዳል። ከዚህም በላይ የሥራው ቅደም ተከተል ራሱ አስተማሪ ነው። ማንኛውም ጀማሪ የሚቸኩለው በርና መስኮት ለማውጣት ነው። ነገር ግን በቅድሚያ የጣሪያው ቦታ ይለያል፤ ከዚያ ክፈፉ ወጣ ብሎ እንዲቀርና ጥላ እንዲጥል ከሥሩ ያለው ግድግዳ ወደ ውስጥ ይገባል። በርና መስኮት የሚመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቀድመው ከተቀረጹ ግድግዳው ሲገባ አብረው ይጠፋላ! ከትልቁ ቅርጽ ወደ ትንሹ መሄድ ማለት ይኸው ነው። የሰው ፊት ላይ ይህን ለመረዳት ዓመት ይፈጃል፤ ዓይንና ከንፈር ልብ ይሰርቃሉና። ቤት ላይ ግን በአንድ ከሰዓት ይገባል።

ቢሰበርስ? ይሰበራል እንጂ። በሁለት ጠብታ ሱፐር ግሉ መለጠፍ ይቻላል፤ ካልሆነም የተሰበረው ጎን የፈረሰ ግንብ ይሆናል። የተንጋደደ ቤት መስመሩ ቀጥ አላለም ተብሎ ማርክ አይቀነስበትም። ፊት ላይ ግን አንዲት ሚሊ ሜትር ሰውየውን ሌላ ሰው ታደርገዋለች።

«ይሄ መጫወቻ እኮ ነው፤ ኮሌጅ ድረስ የመጣነው አሻንጉሊት ልንሠራ ነው?» የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ካፌ ውስጥ ተከራክረንበታል። እኔም መልሼ ልጠይቅ። የአክሱም ትልልቅ ሐውልቶች ምንድን ናቸው? ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈሉ ፎቆች አይደሉም እንዴ? ከሮም እ.ኤ.አ. በ2005 ተመልሶ በ2008 ዳግም የተተከለው ባለ 24 ሜትሩ ሐውልት የማይከፈት በርና ማንም አጮልቆ የማያይበት መስኮት አለው፤ የግድግዳ ማገር ጫፍ የሚመስሉ ቅርጾችም አሉበት። ድንጋዩ እንጨት ነኝ ይላል። በርግጥ የመቃብር ሐውልት ክብር ከእኛ ቀልድ ጋር አይወዳደርም። ሆኖም የማይከፈት በር መቅረጽ ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም ለማለት ነው።

ይልቅስ ሚዛን የሚደፋው ተቃውሞ ሌላ ነው። የፈረንጅ ተረት ቤት እየቀዳን የራሳችንን ዓይን እንዳናጣ የሚል ነው። በዚህ እስማማለሁ። ግን ማን ቅዱ አለን? የጋሞ ደጋ ላይ ያለው የዶርዜ ቤት እኮ በራሱ ተረት ነው። ከቀርከሃ ተሸምኖ በእንሰት ቅጠልና በቀርከሃ ገለባ ይሸፈናል፤ ከፊቱ ወጣ ያለው ክፍል ስላለ የዝሆን ፊት ይመስላል። አዲስ ሲሆን ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ምስጥ ከሥሩ እየበላው በዓመታት ውስጥ እያጠረ ይሄዳል፤ ሲያስፈልግም ሰው ተሰብስቦ ተሸክሞ ሌላ ቦታ ያኖረዋል። ከዚህ በላይ ለቅርፊት የሚሆን ምን አለ? ያንኑ ቤት በልጅነቱ፣ በጎልማሳነቱና በእርጅናው ሦስት አድርጎ የሚቀርጽ ተማሪ ቢመጣ እኔ በበኩሌ ኤግዚቢሽን ድረስ ሄጄ አየዋለሁ።

እንግዲህ ቅርፊቱ ከየት ይምጣ? ባሕር ዛፍ አይሆንም፤ ቅርፊቱ በረጅሙ እየተላጠ የሚወድቅ ስስ ነገር ነው። የጽድም እንደዚያው ስስና ጭረታም ነው። እኔ ተስፋ የማደርገው በኮርች ነው። ያረጀ ኮርች ቅርፊቱ ወፈር ያለ፣ ቡሽ መሰልና የተሰነጣጠቀ ነው። እንደ ኮተንዉድ ጥልቀት አይኖረውም፤ ቤቱ ከፍ ቢል የአውራ ጣት ጥልቀት ቢያወጣ ነው። ይሁን፣ ጀማሪ ካቴድራል አይቀርጽም። ቅርፊቱ ካነሰም እንጨቱ ራሱ ቀላልና ለስላሳ ስለሆነ ቅርፊቱን ጣሪያ አድርጎ ግድግዳውን ከእንጨቱ ማውጣት ይቻላል። እሾህ ስላለው ግን ቀድሞ ይጠረግ፤ ፍሬው መርዛማ ስለሆነም ፍሬው አይነካ፣ አቧራው እንዳይተነፈስ አፍንጫ ይሸፈን። ቢላ የሌለበት እጅ ደግሞ ወፍራም የቆዳ ጓንት ያጥልቅ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ። ማንም ተማሪ ከቆመ ሕያው ዛፍ ላይ ቅርፊት እንዳያነሳ። ዛፉ በቅጠሉ ያዘጋጀውን ምግብ ወደ ሥሩ የሚያወርደው በውስጠኛው ቅርፊት በኩል ነው። ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ሥሩ ተርቦ ይሞታል። ግማሽ ክፍለ ጊዜ ለሚፈጅ ቤት አርባ ዓመት የቆመን ዛፍ መግደል ምን የሚሉት ጥበብ ነው? ሐሳቤ ከዚህ ጥንቃቄ ውጪ የሚተገበር ከሆነ ባይተገበር ይሻላል። ለነገሩ ዋንዛውም ቢሆን ያው ዛፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ያገደው ያለ ምክንያት አልነበረም። በየሴሚስተሩ አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ በፍርሃት ፍቆ ለሚጥለው ነገር ዋንዛ መግዛት ያሳዝናል።

ከዲፓርትመንቱ የምጠይቀው በጀት አይደለም። ከመጀመሪያው ወር ሁለት ሳምንት ለቅርፊት ይሰጥ፤ ማርኩ በልስላሴ ሳይሆን በጥልቀትና በስለት አያያዝ ይታይ፤ ብርጭቆ ወረቀት ለእነዚህ ሁለት ሳምንታት ከዎርክሾፕ ይውጣ። የዋንዛው ፊት በሦስተኛው ወር ይምጣ፣ ማንም አይጠላውም።

በክረምቱ ዝናብ ከዎርክሾፑ ጀርባ የወደቀው ትልቁ ኮርች እስካሁን አልተነሳም። ለማገዶ ከመወሰዱ በፊት የሚመለከተው አካል ቢፈቅድልን ቅርፊቱን አንስተን ከጣሪያው ሥር ለማድረቅ እኔና ሌሎች አራት ልጆች ዝግጁ ነን። ገጀራና ጆንያ ከእኛ።