የአሞኒያ የተጋላጭነት ገደብና የደብረ ማርቆስ ከፍታ

በጎጃም አካባቢ ወተትን፣ ሥጋንና የአትክልት ምርትን በማቀነባበር እሴት ለመጨመር የተያዘው አቅጣጫ ቀዝቃዛ ማከማቻን የግድ ይላል። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክም የዚሁ አቅጣጫ አካል ነው። በሌላ በኩል አር-22ን የመሳሰሉ የኦዞን ንጣፍን የሚጎዱ የማቀዝቀዣ ኬሚካሎች ምርትና ፍጆታ በሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት በታዳጊ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2030 ከሞላ ጎደል እንዲያበቃ ተወስኗል። በመሆኑም ለትላልቅ ማቀዝቀዣዎች አሞኒያ ተመራጭ መሆኑ አይቀርም። ኦዞንን አይጎዳም፤ ዋጋውም አነስተኛ ነው። ነገር ግን መርዛማ ነው።

ኬሚካሉ ዓይንን፣ ጉሮሮንና ሳንባን ያቃጥላል። የአሜሪካ የሙያ ደህንነትና ጤንነት ብሔራዊ ተቋም ለሙሉ የሥራ ቀን የሚመክረው ገደብ ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ 25 እጅ፣ ማለትም 25 ፒፒኤም ነው፤ ለ15 ደቂቃ ደግሞ 35 ነው። የአውሮፓ ኅብረት የስምንት ሰዓት ገደብ 20 ሲሆን፣ 300 የደረሰ መጠን ለሕይወት አስጊ ተብሎ ተመድቧል።

እነዚህን አኃዞች ወደ ደጋው ሲያመጡ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በባሕር ወለል ላይ 25 ፒፒኤም በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 17 ሚሊግራም ያህል ነው። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,450 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ያው 25 ፒፒኤም በዚያ ወደ 13 ሚሊግራም ይወርዳል። የሚሊግራም ንባብ ይዞ በባሕር ወለል ሠንጠረዥ የሚያመሳክር ተቆጣጣሪ 17 ሲያነብ ገደቡ ላይ የደረሰ ይመስለዋል፤ በፒፒኤም ግን መጠኑ ከ30 አልፏል።

አፍንጫም አስተማማኝ መለኪያ አይደለም። የአሞኒያ ጠረን በጥቂት ፒፒኤም ቢታወቅም፣ በጋዙ ውስጥ የሚቆይ ሰው ማሽተቱ እየደከመ ይሄዳል። «ለምደነዋል» የሚለው የሠራተኞች አነጋገር እንደ ብርታት ሲወሰድ ይታያል፤ የአደጋ ምልክት ተደርጎ ቢወሰድ ይሻላል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኞቹን ስለ አደጋው እንዲያሳውቅና መከላከያ ትጥቅ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ኢትዮጵያም የሙያ ደህንነትን የሚመለከተውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች። የሕግ ድጋፉ ስላለ፣ በደጋ አካባቢ የሚሠሩ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች በሚሞሉት ቅጽ ላይ ከልኬቱ ጎን የተለካበት አሃድ፣ የቦታው ከፍታና የክፍሉ ሙቀት አብረው ሊሰፍሩ ይገባል።