ያልተደገፈ ጉድጓድ ውስጥ ማንም አይውረድ

አፈር ተደርምሶ የቀን ሠራተኞች ሞቱ የሚለውን ዜና ከመልመዳችን የተነሳ ሳንጨርሰው ወደ ሌላ ወሬ እናልፋለን። የእግዜር ቁጣ የሚመስለንም አለን። የግንባታ ጉድጓድ ሲናድ ግን አብዛኛውን ጊዜ አደጋውን ቆፍሮ ያዘጋጀው ሰው ነው።

አንድ ሜትር ኪዩብ አፈር ከ1 ቶን ተኩል በላይ ሊመዝን ይችላል። እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው ጭንቅላቱ ውጭ ቢሆንም ትንፋሹን ባወጣ ቁጥር አፈሩ ይጠብቅበታል፤ መልሶ መሳብ ያቅተዋል። ስለዚህ «ጥልቀቱ እኮ የሰው ቁመት አይሞላም» የሚለው ማጽናኛ ማንንም አያድንም። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ ከ1 ሜትር ተኩል ጀምሮ፣ ጠንካራ ዐለት ካልሆነ በቀር፣ ግድግዳው እንዲደገፍ ወይም በተዳፋት እንዲቆረጥ ያስገድዳል።

የአዲስ አበባ አፈር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በቦሌና በሲኤምሲ በኩል የሚበዛው ጥቁር ዋልካ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲያገኝ ያብጣል። በሚያዝያ ቀጥ ብሎ የቆመ ግድግዳ ለሐምሌ ዋስትና አይሆንም። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር የጉድጓዱን አፍ ዙሩት። ከጠርዙ አንድ ሁለት እርምጃ ርቆ፣ ከጠርዙ ጎን ለጎን የሚሄድ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ካያችሁ ያ ቁራጭ መሬት ለመውረድ ተነሥቷል። ብዙ ሳይት ላይ ግን ከታች ያሉት ልጆች በአካፋ የሚወረውሩት አፈር እዚያው ስንጥቁ ላይ ይከመራል፤ ሲኖትራኩም ለመጫን እንዲመቸው እስከ ጠርዙ ይጠጋል።

የሕንፃ ባለቤቶች፣ ለእምነበረድ ሳትሳሱ ለአጠናና ለሳንቃ መከራከራችሁ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ያሳፍራል። የቁፋሮ ድጋፉን በውሉ ውስጥ ራሱን የቻለ ዋጋ ያለው ሥራ አድርጋችሁ አስገቡት፤ አለዚያ ከትርፉ ቀንሶ የሚሠራ ኮንትራክተር ማግኘት ይከብዳል። ጥልቅ ቤዝመንት ከሆነ አጠና አይበቃም፤ ድጋፉን መሐንዲስ ይንደፈው።

ፎርማኖች፣ የወጣውን አፈር ከጠርዙ ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር አርቁ፤ መኪናውን ከዚያም በላይ። መውጫ መሰላል አቁሙ። ዝናብ ካባራ በኋላ ዙሪያውን ሳታዩ ሰው አታውርዱ።

የቀን ሠራተኛውን «እምቢ በል» ማለት ለእኔ ቀላል ነው፤ እሱ ግን ማታ ይዞት የሚገባው ገንዘብ ያስፈልገዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደህንነቱን ኃላፊነት የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። ወንድሞቼ፣ አንዱ ብቻውን ከጠየቀ ይባረራል፤ ሁላችሁም አንድ ላይ «ድጋፉ የት አለ?» ብላችሁ ከላይ ቁሙ።

ጎረቤቶችም አጥራችሁ ሲያዘነብል ወይም ግቢያችሁ ሲሰነጠቅ የካሣ ጥያቄ እስኪነሣ አትጠብቁ። ፎቶ አንሥታችሁ ለአካባቢያችሁ የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ዛሬውኑ አመልክቱ።

ከተናደ ግን ዘላችሁ አትግቡ። ሁለተኛው ናዳ ብዙ ጊዜ የሚወስደው ሊያድን የገባውን ነው። ማሽኖቹን አስቁሙ፤ በኤክስካቫተር ባልዲ የተቀበረ ሰው አይፈለግም። ሰዉን ከጠርዙ አርቁና ለአዲስ አበባ እሳት አደጋ ሠራተኞች በ939 ደውሉ፤ ስንት ሰው እንዳለ፣ መጨረሻ የታዩት የት ጋ እንደሆነና በየት በኩል እንደሚገባ ንገሯቸው።