ሃያ ዓመት የኖረ እንግዳ

ፈረንጅ የሚለው ቃል የኛ ብቻ የሚመስለው ሰው፤ ባንኮክ ደርሶ በአንድ ጠባብ መንደር ሲያልፍ ሕፃናት አንዱን አውሮፓዊ በጣታቸው እየጠቈሙ «ፋራንግ! ፋራንግ!» ሲሉ ቢሰማ መደነቁ አይቀርም። የታይላንድ ሰዎችና እኛ ቃሉን የቀዳነው ከአንድ ምንጭ ነው። በጥንት ዘመን የፋርስና የዐረብ ነጋዴዎች የምዕራብ አውሮፓን ሰው ሁሉ በፍራንኮች ነገድ ስም ይጠሩት ስለ ነበረ፤ ቃሉ ከሸቀጡ ጋር በመርከብ ተጭኖ በአንድ ወገን ወደኛ፤ በሌላው ወገን ወደ ሲያም ገባ። በታይ ቋንቋ ግን እኛ ዘይቱን የምንለው ፍሬም ስሙ ያው ፋራንግ ስለ ሆነ፤ አንድ ፈረንጅ ከገበያ ዘይቱን ገዝቶ ሲበላ የታየ እንደ ሆነ «ፋራንግ ፋራንግን በላ» የሚለው ቀልድ አይቀርለትም። በመጀመሪያው ዓመት ከልቡ ይሥቃል። ያንኑ ቀልድ በሃያኛው ዓመት ከማያውቀው ሻጭ አፍ እንደ አዲስ ሲሰማው ግን ሣቁ ከጥርስ አያልፍም።

በታይላንድ አሥር፥ ሃያ፥ ሠላሳ ዓመት የተቀመጡ የውጭ አገር ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። አንዳንዱ አስተማሪ ነው፤ አንዳንዱ የኩባንያ ሠራተኛ፤ አንዳንዱ ጡረታውን ይዞ የመጣ ሽማግሌ ነው፤ የታይ ሴት አግብቶ ልጆች ያፈራም አለ። እነዚህ ሰዎች እርስ በርሳቸው በተገናኙ ቍጥር የሚያሰሙት እሮሮ አላቸው። (ከኛ ወገን እዚያ የሚቀመጠው ሰው ፋራንግ አይባልም፤ ስሙ ለነጭ ብቻ ነውና። ሕጉ ግን አይለየውም።) እሮሮውን ከሩቅ ሆነን ስናዳምጠው ግማሹ ያሥቀናል፤ ግማሹም ያሳስበናል። ከአንባቢዎቻችን መካከል ነገ በሰው አገር ተማሪ ሆነው የሚቀመጡ አሉ፤ ዛሬ ከመስኮት ወዲያ ተቀምጠው የውጭ አገር ሰው ወረቀት የሚቀበሉም አሉ። ስለዚህ ነገሩን የሩቅ አገር ወሬ ነው ብለን አናልፈውም። የኛ መሆኑን ለይተን ካልተናገርን በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ከቀላሉ እንጀምር። ፈረንጁ የታይ ሰዓት ግራ ያጋባኛል ይላል። እርሱ ከምሽቱ ሰባት ሰዓት የሚለውን ጊዜ የታይ ሰው በተለመደው አነጋገር አንድ ይለዋል፤ ስምንት የሚለውን ሁለት፤ ዘጠኝ የሚለውን ሦስት። በዚህስ ከኛ ዘንድ አዛኝ አያገኝም። ዓመቱም እንዲሁ ነው፤ ታዮች በቡድሃ ዘመን ስለሚቈጥሩ ከርሱ በ543 ዓመት ይቀድማሉ፤ እርሱ 2025 ሲል እነርሱ 2568 ይላሉ። እኛ ወደ ኋላ፤ እነርሱ ወደ ፊት፤ ፈረንጁ በመካከል። ስለ ምግቡ ማቃጠልም ብዙ ይባላል፤ ሚጥሚጣ ለለመደ አንባቢ ይህን መዘርዘር ጊዜ ማባከን ነው።

ሌላው ክስ ጥያቄ ማብዛት ነው። ጎረቤቱ በጠዋት ሲያገኘው «ወዴት ትሄዳለህ?» ይለዋል፤ ቀጥሎም «ሩዝ በላህ ወይ?» ይመጣል። ትንሽ ከተላመዱ በኋላ «ዕድሜህ ስንት ነው?»፤ ጥቂት ከሰነበቱ ደግሞ «ደመወዝህ ስንት ነው?» ይከተላል። ፈረንጁ ምስጢሩን የሚሰልሉበት ይመስለዋል። ዳሩ ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሰላምታዎች ናቸው፤ መልሳቸውን አጥብቆ የሚጠብቅ የለም። ዕድሜም የሚጠየቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ታዮች ታላቅን «ፒ»፥ ታናሽን «ኖንግ» ብለው ነው የሚጠሩት፤ የሥጋ ዝምድና ባይኖርም ሻይ ሻጯም፤ ታክሲ ነጂውም፤ የመሥሪያ ቤት ባልደረባውም እንዲሁ ነው። ዕድሜውን ካላወቁ በምን ይጥሩት? ጋሼና እትዬ፥ አንተና እርስዎ እያልን ላደግን ሰዎች ይህ አይሰወረንም። ስለ ደመወዙ ግን እኛም ከፈረንጁ ጋር ነን።

ስለ ቋንቋው የሚሰማው እሮሮ ከበድ ይላል። የታይ ቋንቋ አምስት ዐይነት የድምፅ አወጣጥ አለው፤ አንዱ ቃል ድምፁ ሲነሣና ሲወድቅ ሌላ ቃል ይሆናል። «ክላይ» ሲል ድምፁን ከላይ ወደ ታች የጣለው ሰው «ቅርብ» ማለቱ ነው፤ ሳያነሣ ሳይጥል የተናገረው ደግሞ «ሩቅ» ማለቱ ነው። መንገድ የጠየቀ እንግዳ ምን እንደሚደርስበት መገመት አያዳግትም። ፊደላቸው 44 ተነባቢዎች አሉት፤ ቃልን ከቃል የሚለይ እንደኛ ሁለት ነጥብ ያለ ምልክት ወይም ክፍት ቦታ የለውም። ይህን እያመካኘ ስንፍናውን የሚሸፍን አለ። አሥራ አምስት ዓመት ተቀምጦ ቢራ ከማዘዝና ሒሳብ ከመጠየቅ ያላለፈ ሰው «ታዮች ልባቸውን አይገልጡልኝም» ቢለን፤ በየትኛው ቋንቋ እንዲገልጡልህ ነበር? ብለን እንጠይቀዋለን።

የሚያሳዝነው ቋንቋውን የተማረው ነው። ማታ ማታ እየተማረ፤ ፊደሉን እንደ ሕፃን እየቈጠረ፤ ጋዜጣ እስከ ማንበብ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ከሚስቱ ጋር ወደ ምግብ ቤት ገብቶ በጠራ የታይ ቋንቋ ያዛል። አሳላፊዋ ታዲያ የተናገረውን ሰው ትታ ወደ ሚስቱ ትዞርና «ምን ይፈልጋል? የሚያቃጥል ይበላል?» ብላ ትጠይቃለች። ጆሮዋ የሰማውን ዐይኗ አላምንም አለ። አንዳንድ ጊዜም አጠገቡ የተቀመጠችው ሴት ከጃፓን የመጣች እንግዳ፤ ከታይ ቋንቋ አንዲት ቃል የማታውቅ ሆና ትገኛለች፤ ጥያቄው ግን ለርሷ ነው የሚቀርበው። በዚህ ውስጥ ክፋት የለም። ክፋት ቢኖርበት ኖሮ ሰውየው በተቈጣና በቀለለው።

ከሁሉ ይልቅ ምሬት የሚያሳድረው እሺ የሚለው ቃል ነው። የቧንቧ ሠራተኛው ነገ ጠዋት እመጣለሁ ይላል፤ አይመጣም። አከራዪቱ ጣራውን አሠራለሁ ትላለች፤ ዝናሙ ይገባል። አለቃው በስብሰባ ላይ የተሳሳተ አሳብ ሲያቀርብ የበታች ሠራተኛው ፈገግ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል፤ ሥራው ከተበላሸ በኋላ «አስቀድመህ ዐውቀህ ነበርን?» ሲባል «ዐውቅ ነበር» ይላል። ፈረንጁ ይህን ሁሉ ውሸት ብሎ በአንድ ቃል ይዘጋዋል።

ታዮች ለዚህ ጠባይ «ክሬንግ ጃይ» የሚል ስም አላቸው። ጃይ ልብ ነው፤ ክሬንግ ደግሞ መፍራት፥ ማክበር። የሌላውን ሰው ልብ መፍራት እንደ ማለት ነው፤ ሰውን ላለማስቸገር፥ ላለማሳፈር፥ ፊቱን ላለማጥቈር ሲባል የራስን ጕዳይ መዋጥ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ለዚህ የሚተካው አንድ ቃል ስላጣለት ብዙ ገጽ ይጽፍበታል። እኛ ይሉኝታ የሚባል ቃል ስላለን ማብራሪያው ብዙም አያሻንም። ሁለቱ ፍጹም አንድ ናቸው ማለታችን ግን አይደለም። ይሉኝታ «ሰው ምን ይለኛል» ከማለት የመጣ ስለ ሆነ ዐይኑ ወደ ራስ ይመለከታል፤ ክሬንግ ጃይ «ሰውየውን አስቸግረዋለሁ» ስለሚል ዐይኑ ወደ ሌላው ነው። በመስኮት ፊት ለቆመ ባለ ጕዳይ ግን ሁለቱም የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፤ እሺ፤ ነገ።

እዚህ ላይ ፈረንጁን «ባህሉን ስላላወቅህ ነው» ብሎ ማሰናበት ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜም እንዲሁ ይደረጋል። እኛ በዚህ አንስማማም። እሺ ያልሆነ እሺ በማዕድ ዙሪያ ጨዋነት ነው፤ ጠግቦ ሳለ አንድ ጕርሻ የተቀበለ ሰው ማንን ይጐዳል? በመሥሪያ ቤት ግን ዋጋ ያስከፍላል። ሦስት ቀን የተመላለሰ ሰው ሦስት የሥራ ቀን ከስሯል። ታይ የሆነው ባለ ጕዳይ ቢያንስ የእሺውን ዐይነት ይለያል፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና፤ ከድምፁና ከፈገግታው አይቶ ነገሩ እንደማይሆን ተረድቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ፈረንጁ ቃሉን እንደ ቃል ይዞ ይቀመጣል። እምቢታውን በለሰለሰ አነጋገር፤ ነገር ግን በግልጽ የሚናገር ሹም፤ በባንኮክም ሆነ በአዲስ አበባ ጨዋነቱ አይጐድልበትም።

ፈረንጁም በበኩሉ የሚያጠፋው አለ። ትዕግሥቱ ያለቀ ዕለት ጠረጴዛ ይደበድባል፤ ይጮኻል። በታይ አገር የጮኸ ሰው ጕዳዩ ያን ጊዜ ሞተ ማለት ነው። «ጃይ የን» ይሉታል፤ ልብህን አቀዝቅዝ ሲሉ ነው። የተጮኸበት ጸሐፊ ፈገግታው አይጠፋም፤ መዝገቡ ግን ይጠፋል።

ወደ ሕጉ ስንመጣ ነገሩ ከጠባይ ያልፋል። በ1954 ከወጣው የመሬት ሕግ ወዲህ፤ ከጥቂት ልዩ ፈቃድ በቀር የውጭ አገር ሰው መሬት በስሙ አያስመዘግብም። በፎቅ ቤት ውስጥ መኖሪያ ክፍል መግዛት ይችላል፤ ይኸውም የውጭ አገር ሰዎች ድርሻ ከሕንጻው 49 በመቶ እንዳያልፍ ሆኖ ነው። በ1979 የወጣ ዝርዝር 39 ዐይነት ሥራዎችን ለዜጎች ብቻ ከለለ፤ ዝርዝሩ ኋላ ቢሻሻልም ጠጕር ማስተካከልና አገር ማስጐብኘት ዛሬም ለባዕድ ክልክል ናቸው። ዕድሜው 50 የሞላ ጡረተኛ በየዓመቱ ፈቃዱን ሲያሳድስ 800,000 ባት በባንክ ማስቀመጡን፤ ወይም በወር 65,000 ባት ገቢ ያለው መሆኑን ያስረዳል። የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ ከአንድ አገር ዜጎች በዓመት ከ100 ሰው በላይ አያገኝም።

ይህ ጥንቃቄ ከየት እንደ መጣ የሚያውቅ ሰው በችኰላ አይፈርድም። ሲያም በ1855 ከእንግሊዝ ጋር ባደረገችው የባውሪንግ ውል የእንግሊዝ ተገዢዎች በአገሩ ዳኛ መዳኘታቸው ቀርቶ በራሳቸው ቆንስል ይዳኙ ጀመር፤ ሌሎችም መንግሥታት ይህንኑ መብት ወሰዱ። ሲያም ይህን ቀንበር ጨርሳ የጣለችው በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። እኛም በ1908 ከፈረንሳይ ጋር የተደረገውን የክሎቡኮውስኪ ውል አንረሳም። ባዕድ በገዛ አገሩ በተለየ ችሎት ሲዳኝ ያየ ሕዝብ መሬቱን አጥብቆ ቢይዝ አይፈረድበትም። በኛ አቈጣጠር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በቍጥር 390 የውጭ አገር ሰው የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ከልክሎ ነበር፤ በሩ በሕግ ሰፋ ያለው ገና በ2017 ዓ.ም. ነው።

በር መጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ የገባውን ሰው በየጊዜው እንደ አዲስ መጠየቅ ሌላ ነው። በካዎ ያይ ብሔራዊ ፓርክ ዜጋው 40 ባት ሲከፍል የውጭ አገር ሰው 400 ባት ሲከፍል ኖሯል። ለአንድ ሳምንት የመጣ ጐብኚ ይህን ቢከፍል አንቃወምም፤ በላሊበላም የእንግዳው ዋጋ ከዜጋው የተለየ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ግብር የከፈለው አስተማሪ ግን በዚያው በር ላይ ከትናንት ጐብኚ እኩል ይቈጠራል። አንዳንዱ በረኛ የሥራ ፈቃዱን አይቶ በዜጋ ዋጋ ያስገባዋል፤ አንዳንዱ አያስገባውም። በየበሩ የዜጋው ዋጋ ብዙ ጊዜ በታይ አኀዝ ስለሚጻፍ ልዩነቱን የሚያነብበው ፊደሉን የተማረው ፈረንጅ ነው፤ መማሩም ያን ዕለት ይጸጽተዋል።

ታይላንድ ባዕድን ከቶ አትቀበልም ማለት ግን እውነት አይደለም። ኮራዶ ፌሮቺ የተባለው ኢጣልያዊ ቀራጺ በ1923 ወደ ሲያም መጥቶ ለመንግሥቱ ሠራ፤ የአገሩንም ወጣቶች አስተማረ፤ ያስተማረበት ትምህርት ቤት በ1943 የሲልፓኮርን ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በጦርነቱ ኢጣልያ እጇን ስትሰጥ ጃፓኖች እንዳይዙት የታይ መንግሥት በ1944 ዜግነትና ሲልፓ ቢራስሪ የሚል ስም ሰጠው። በ1962 ሞተ፤ ዛሬም የዘመናዊው የታይ ሥነ ጥበብ አባት ይሉታል፤ የተወለደበትን ሴፕቴምበር 15 ቀንም ያከብሩለታል። ፌሮቺ ወደ ዜግነቱ ለመድረስ 21 ዓመትና አንድ የዓለም ጦርነት አስፈልጎታል። ሁሉም አስተማሪ ደግሞ ፌሮቺ አይደለም።

ተራውን ሰው እንውሰድ። ታይ ሚስት ያለው ሰው 400,000 ባት በባንክ ወይም 40,000 ባት የወር ገቢ እያሳየ በየዓመቱ ፈቃዱን ያሳድሳል። በየ90 ቀኑም የሚኖርበትን አድራሻ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ያስታውቃል፤ ቀኑ ካለፈበት መቀጫ አለ። ቤቱ በሚስቱ ስም ነው፤ መሬት በርሱ ስም አይጻፍምና። የ1979ኙ የኢሚግሬሽን ሕግ ባዕድ ያሳደረ የቤት ባለቤት በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያስታውቅ ስለሚያዝ፤ ሚስት ባሏ በቤቷ ማደሩን ለሹም ታስታውቃለች። አፈጻጸሙ ኋላ ጥቂት ቢላላም ሕጉ አልተነሣም። ወረቀቱን የሚቀበለው ጸሐፊ ወጣት ነው፤ ምናልባትም ሰውየው ወደ አገሩ ሲገባ ገና አልተወለደም ነበር፤ እጁን አጋጥሞ በትሕትና እጅ ይነሣውና ማኅተሙን መትቶ ለሌላ 90 ቀን ያሰናብተዋል።

በታይ አገር እያንዳንዱ ቤት የነዋሪዎቹ ስም የሚጻፍበት ደብተር አለው። የዜጎቹ ደብተር ሰማያዊ ነው፤ የሚስቱና የልጆቹ ስም በዚያ ውስጥ ይገኛል። እርሱ ስሜ ይጻፍልኝ ያለ እንደ ሆነ፤ ማስረጃውን አስተርጕሞ፤ ምስክር አቁሞ፤ ሲሳካለት ቢጫ ደብተር ይሰጠዋል። ሁለቱ ደብተሮች በአንድ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣሉ።