ስለ ቤት ቅጂና ስለ ገዢው መብት

አንባቢ ሆይ፤ በየካ ክፍለ ከተማ ከመገናኛ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ወደ ላይም እስከ እንጦጦ ተራራ ግርጌ ባሉት ቤቶች፣ ቀድሞ በዲስክ ተገዝተው ዛሬ በመሳቢያ የተቀመጡ መንፈሳውያን ፊልሞች፣ መዝሙሮችና ስብከቶች ብዙ ናቸው። ዲስኩ ይጫጫራል፤ ማጫወቻውም ከገበያ እየጠፋ ሄዷል። ስለዚህ ልጅ እናቱ የገዛችውን መዝሙር ወደ ፍላሽ ገልብጦ ሊያሰማት ይነሣል። ነገር ግን በዲስኩ መጀመሪያ የሚታየው ማስጠንቀቂያ፣ በማናቸውም መንገድ መገልበጥ በሕግ ያስቀጣል እያለ እጁን ይይዘዋል። እኛም እንዲህ ያለው ማስጠንቀቂያ ከሕጉ ያለፈ ነው እንላለን።

አስቀድመን ግን ለደራሲው እንመስክር። ለሠራተኛ ደመወዝ እንደሚገባው ቅዱስ መጽሐፍ ያስተምረናል። የዘማሪውን ድምፅና የፊልም ሠሪውን ድካም እያባዛ በመንገድ ዳር የሚሸጥ ሰው ሌባ ነው፤ የሸጠው መዝሙር መሆኑም ስርቆቱን ጽድቅ አያደርገውም።

ይሁን እንጂ ሌባና ገዢ አንድ አይደሉም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ደራሲው ሥራውን ለሕዝብ ካወጣ በኋላ በቤተ ሰብ ስብሰባ ወይም በትምህርት ቤት ያለ ክፍያ እንዳይታይ ሊከለክል እንደማይችል ደንግጎ ነበር። እርሱን የተካው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ በአንቀጽ 9፣ አንድ ሰው ለግል ጥቅሙ ብቻ ታትሞ ከወጣ ሥራ አንድ ቅጂ ቢያዘጋጅ ባለመብቱ ሊከለክለው እንደማይችል ይናገራል። ለዚህም ወሰን አበጅቶለታል፤ ይኸውም ቅጂው ከሥራው የተለመደ ጥቅም ጋር እንዳይጋጭ ነው። እንግዲህ ዋጋው የተከፈለበትን መዝሙር እዚያው ቤት ከዲስክ ወደ ፍላሽ ማሻገር የማንን እንጀራ ይነካል?

ይህ ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በብራና መጻሕፍት ላይ የተጻፈው የአባቶች ውግዘት የሚያገኘው መጽሐፉን የሚሰርቀውንና ጽሕፈቱን የሚፍቀውን ነው፤ ገልብጦ የሚጽፈውንማ ማን አወገዘው? ድጓውም ተአምረ ማርያሙም ከደብር ወደ ደብር የደረሰው በገልባጭ እጅ አይደለምን? በባሕር ማዶም እንዲሁ ነው። ፊልም ሠሪዎች ሶኒ የተባለውን ኩባንያ ስለ ቪዲዮ መቅረጫው በከሰሱ ጊዜ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥር 1976 ዓ.ም. በ5 ድምፅ ለ4፣ በቴሌቪዥን የተላለፈውን በቤት ቀርጾ በሌላ ሰዓት ማየት ጥፋት አይደለም ብሎ ፈርዷል።

ባለመብቶች ግን፣ አንዱን ቅጂ ብንፈቅድ መቶ ይሆናል ይሉናል። መቶ ያደረገውን ሕጉ ይያዘው፤ ስለ ሌባው ተብሎ የገዢው በር አይታሸግም። ደግሞስ ሌባ ማስጠንቀቂያ አንብቦ ይመለሳልን? የሚደነግጠው ዋጋውን የከፈለው ሐቀኛ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሥራቸውን የሚያወጡ ሁሉ እውነቱን ሙሉ አድርገው ይጻፉ፤ አባዝቶ መሸጥ ክልክል ነው፣ ለራስ አንድ ቅጂ መያዝ ግን የተፈቀደ ነው ይበሉ። ገዢውም አንዱን አንድ ያድርገው፤ ለጎረቤት አያድለው፣ ለገበያ አያውጣው። ሕግን ከፍሎ የሚያነብ ባለመብትም ሆነ ገዢ ሁለቱም ሕግን ያፈርሳሉ።