ማዕዱና ሜዳው አይነጣጠሉ

እንደሚታወቀው አገራችን ስለ ተማሪዎች ጤናና ምግብ የሚናገር ሰነድ አላጣችም። የትምህርት ቤቶች ጤናና ሥርዓተ ምግብ ስትራቴጂ በ2012፣ የአገሪቱ የምግብና ሥርዓተ ምግብ ፖሊሲ በ2018፣ የትምህርት ቤት ምገባ ፖሊሲ ደግሞ በ2021 ወጥተዋል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ የዛሬው ጥያቄ «ፖሊሲ አለ ወይ?» የሚል አይደለም። ጥያቄው ፖሊሲው በየትኛው ትምህርት ቤት፣ ለየትኛው ልጅ፣ በማን ገንዘብና በማን ኃላፊነት በሥራ ላይ ይውላል የሚል ነው። በኩዌት፣ በጃብሪያ የሕክምና ትምህርት የምንከታተል እኛ በዚህ ላይ ያለንን አስተያየት ለአባላት የምናቀርበው የችግሩን ሁለቱንም ጫፎች ለማየት ስለቻልን ነው።

ከምንኖርበት አገር እንጀምር። ኩዌት የመጀመሪያውን ድፍድፍ ነዳጅ በመርከብ ወደ ውጭ የላከችው በ1946 ነው። ከዚያ በፊት ሕዝቡ ዕንቁ ከባሕር በማውጣት፣ በመርከብ ሥራ፣ በንግድና በከብት እርባታ ይተዳደር ነበር። በሁለትና በሦስት ትውልድ ውስጥ ድካሙ ቀረ፣ ምግቡ በዛ። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2021 ባወጣው ግምት ከአገሪቱ አዋቂዎች ከአራቱ አንዱ ገደማ የስኳር ሕመምተኛ ነው። እዚህ ገንዘብ አልጠፋም፤ በ2006 የተቋቋመውን የዳስማን የስኳር ሕመም ተቋምን የመሰለ ማዕከል አለ። ሆኖም በልጅነት የተጀመረን በሽታ በጎልማሳነት በሆስፒታል ማሳደድ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ በትምህርታችን በየቀኑ የምንረዳው ነው። የአየሩም ጠባይ አያግዝም፤ በሐምሌ 2016 ሚትሪባ በተባለው ጣቢያ 53.9 ዲግሪ ሙቀት ተመዝግቧል። እንዲህ ባለ አገር ልጅን ለማሯሯጥ የቀዘቀዘ አዳራሽ መሥራት የግድ ይሆናል።

በጃብሪያ ተማሪዎች በሚለቀቁበት ሰዓት በመኪና ከሚጠብቋቸው መካከል የአገራችን እኅቶች ይገኛሉ። የሰው ልጅ የምሳ ዕቃ በሥጋና በፍራፍሬ ሞልተው ከሚልኩት ከእነዚህ እኅቶች ውስጥ የራሳቸውን ልጅ ለአያት ትተው የመጡ አሉ። ያ ልጅ ዛሬ ቁርስ በልቶ ትምህርት ቤት ሄዷል ወይ? ፖሊሲው የሚፈተነው በዚህ ጥያቄ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ አንድ ዓይነት ልጅ አናገኝም። የመጀመሪያው የገጠሩ ልጅ ነው። በ2019 በተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት 37 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል። በ2015 የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2030 ለማጥፋት የተገባ ቃል ነው። መቀንጨር በአብዛኛው የሚደርሰው ከጽንስ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ስለሆነ የትምህርት ቤት ምግብ የቀረውን ቁመት አይመልስም። ነገር ግን ልጁ ከትምህርት ገበታ እንዳይቀር፣ በክፍል ነቅቶ እንዲከታተል፣ ደሙም እንዳያንስ ይረዳል። ይህ ልጅ ከብት ይጠብቃል፣ እኅቱ ውኃ ትቀዳለች፣ ሁለቱም ሩቅ መንገድ በእግር ይሄዳሉ። ለእነርሱ ስለ አካል እንቅስቃሴ ጥቅም ማስተማር ቀልድ ነው። የጎደላቸው ለድካማቸው የሚመጥን ምግብ ነው።

ሁለተኛው የከተማው ልጅ ነው። ከነዚህ ውስጥ የድሃው ልጅ ቁርስ ሳይቀምስ ይመጣል፤ ትንሽ ሻል ያለው ደግሞ በሰርቪስ መኪና ይመጣል፣ በዕረፍት ሰዓት ከበር ላይ ብስኩትና ለስላሳ ይገዛል፣ ማታ ስልክ ላይ ተደፍቶ ያመሻል። በአዲስ አበባ ለመኖሪያ በተሠራ ቪላ ውስጥ የሚያስተምሩ፣ ልጆች ኳስ የሚመቱበት ስፍራ የሌላቸው ትምህርት ቤቶች እንዳሉ የማያውቅ የለም። የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜም ፈተና ሲቃረብ ለሒሳብ ማካካሻ ሲሰጥ ብዙዎቻችን አይተናል።

በአዲስ አበባ የተጀመረው የተማሪዎች ምገባ ሊመሰገን የሚገባው ነው። በ2015 በበጎ አድራጎት ተጀምሮ፣ በ2019 የከተማው አስተዳደር በራሱ በጀት ይዞት፣ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ300 ሺህ ለሚበልጡ ልጆች ቁርስና ምሳ ማቅረብ ጀመረ። በርካታ እናቶችም በምግብ አብሳይነት ሥራ አገኙበት። በገጠሩ ግን ምገባው ከ1994 ጀምሮ በአመዛኙ በዓለም የምግብ ፕሮግራም ድጋፍ ሲካሄድ ቆይቷል። ከ2012 ወዲህ ከአካባቢው ገበሬ እየተገዛ የሚቀርብበት አሠራር ቢጀመርም፣ ለጋሽ እጁን ሲሰበስብ ድስቱም ከእሳት ይወርዳል። በ2020 በተነሣው የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2023 ጀምሮም በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። የተዘጋ ትምህርት ቤት ደግሞ ትምህርቱን ብቻ ሳይሆን ምሳውንም ይነሣል።

አንዳንድ ወገኖች «የሚበላ በሌለበት ስለ ጨዋታ ማውራት ቅንጦት ነው» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «የአበበ ቢቂላና የደራርቱ ቱሉ አገር ስለ ሩጫ ምክር አያሻውም» ይላሉ። የመጀመሪያው አስተያየት ለገጠሩ ልጅ እውነት ነው፤ ለከተማው ግን አይሠራም። የሁለተኛው ስህተት ደግሞ ግልጽ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት ይሮጥ የነበረው መንገዱ ረጅም ስለነበረ እንጂ ፖሊሲ ስላዘዘው አይደለም። መንገዱ ሲያጥርና መኪና ሲመጣ ያ ልማድ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በ2016 በነበረው መረጃ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት የዓለም ወጣቶች 81 በመቶው ይህን አያሟሉም ነበር። ሀብታም ሳንሆን የሀብታሞችን በሽታ የምናስገባበት ምክንያት የለም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ የሚያስተምረን ቃል ወደ ተግባር የሚለወጠው አስገዳጅ ሲሆን መሆኑን ነው። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2001 በመንግሥትና በመንግሥት በሚደገፉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የበሰለ ምሳ እንዲቀርብ አዘዘ። ብራዚል በ2009 ባወጣችው ሕግ ከፌዴራሉ የምገባ ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከአነስተኛ ገበሬዎች ለሚገዛ ምርት እንዲውል ደነገገች። ቺሊ በ2016 ስኳር፣ ጨውና ስብ የበዛባቸው ምግቦች በትምህርት ቤት ውስጥ እንዳይሸጡ ከለከለች። ሦስቱም ውስጥ ግዴታው በግልጽ የተጻፈ ነው።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የምገባ በጀት በየክልሉና በየወረዳው ራሱን የቻለ ርዕስ ይኑረው፤ የአብሳዮቹ ደመወዝም በውስጡ በግልጽ ይያዝ። ደመወዟን በወቅቱ የማታገኝ አብሳይ ባለችበት ፖሊሲ አለ ማለት አይቻልም።

ሁለተኛ፣ የሚቀርበው ምግብ ሆድ መሙላቱ ብቻ አይታይ። ዳቦ በሻይ ለቁርስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ በምግቡ ውስጥ ያለው የብረት ንጥረ ነገር ወደ ደም እንዳይገባ ያውካል። ሻይው ቀርቶ በሽሮ፣ በምስርና በጎመን ላይ ሎሚ ወይም ቲማቲም ቢጨመር፣ የአንጀት ትል መድኃኒት በወቅቱ ቢሰጥ፣ በአዮዲን የበለጸገ ጨው ቢገባ፣ በትንሽ ወጪ ብዙ ይገኛል።

ሦስተኛ፣ ሜዳ ለሌለው አዲስ ትምህርት ቤት ፈቃድ አይሰጥ። ያሉትም በአካባቢያቸው ያለውን የወጣቶች ሜዳ በፕሮግራም እንዲጠቀሙ ይደረግ። በ2018 መጨረሻ በአዲስ አበባ የተጀመረው የ«መንገድ ለሰው» ቀን ጎዳና ለጥቂት ሰዓት ለእግረኛና ለጨዋታ ሊለቀቅ እንደሚችል አሳይቷል። የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜም ለሌላ ትምህርት መወሰዱ ይቁም፤ ሴት ልጆችም ተመልካች ሆነው አይቅሩ።

አራተኛ፣ በግቢ ውስጥና በበር ላይ የሚሸጠው ነገር ደንብ ይውጣለት። በበር ላይ የሚቸረችሩትን እናቶች በዘብ ማባረር መፍትሔ አይሆንም። ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ሙዝና ብርቱካን እንዲሸጡ ቦታ ይሰጣቸው።

አምስተኛ፣ ልጆች በዓመቱ መጀመሪያና መጨረሻ ይመዘኑ፣ ቁመታቸውም ይለካ። የትምህርት ቤቱ ድምር ውጤት ለወላጆች ስብሰባ ይቅረብ። ይህ ሚዛን፣ መለኪያና አንድ መዝገብ ብቻ ይጠይቃል።

ውድ አባላት፣ ይህን ሁሉ ለሚኒስቴር ብቻ ትተን ዳር መቆም አይገባንም። ሕክምና የምናጠና ስለ ምግቡ ለአብሳዮች የሚሆን አጭር መመሪያ በቀላል አማርኛና በሌሎቹ ቋንቋዎቻችን ለማዘጋጀት እንችላለን። ግብርና የሚያጠኑ ስለ ጓሮ አትክልት፣ ምሕንድስና የሚያጠኑ ጭስ ስለማይበዛበት ምድጃና ስለ ውኃ፣ ሕግ የሚያጠኑ ግዴታን ስለሚያስከትል ደንብ ሊጽፉ ይችላሉ። በዕረፍት ወደ አገር የሚሄድ አባል ሁሉ የተማረበትን ትምህርት ቤት ይጎብኝ፤ ልጆቹ ምን ይበላሉ? የት ይጫወታሉ? ሚዛን አለ ወይ? ብሎ ይጠይቅ፣ ያየውንም ጽፎ ለማኅበሩ ይላክ። የተሰበሰበውን በዚሁ መጽሔት እያወጣን ለሚመለከታቸው ክፍሎች እንድናደርስ ሐሳብ እናቀርባለን። ሥራውንም ከሚቀጥለው ክረምት ሳናሳልፍ እንጀምር።