አንጎልን ለሐኪም ብቻ እንተወውን?

ከመካከላችን አንዱ «የአንጎልንና የጠባይን ግንኙነት መመራመር እፈልጋለሁ» ቢል፣ «ሐኪም ሳትሆን ምን ልትበላ ነው?» ተብሎ ይሣቅበታል። ሣቁ ተገቢ አይመስለኝም። ምክንያቴንም ከስሜን ተራሮች ላምጣ።

እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካዊቷ ምሁር ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቻቸው በስሜን 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው፣ አየሩ የሳሳ ቢሆንም በደማቸው ያለው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው እንደማያንስ ጻፉ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸውም በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ ጓያ በሰሜን ምዕራብ ገጠራችን የስንቱን እግር እንዳሰረ አሳይተዋል። ደሙም ነርቩም ተመርምሯል። ሐሳቡንስ ማን ጠየቀ?

እዚያው ስሜን ውስጥ የነበረው የጊች ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2016 ከፓርኩ ወጥቶ ደባርቅ ሰፍሯል። እንግዲህ ከዚያ የወረደ አንድ ሽማግሌ መንገድ ይስታል፣ የጎረቤቱን ስም ይዘነጋል እንበል። አንጎሉ ታሞ ነው? አዝኖ ነው? ወይስ ከተማውን አልለምድ ብሎ?

ይህን ለመለየት በዓለም በብዛት ከሚሠራባቸው መጠይቆች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካ የወጣው ነው። ተጠያቂው ቀኑን፣ ያለበትንም ፎቅ እንዲናገር፣ ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሰ እንዲቈጥር፣ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ፣ ሥዕል እንዲገለብጥ ያዛል። የዳባት ገበሬ ቀኑን ተጠይቆ «ዛሬ ሚካኤል ነው» ቢል 12ኛውን ቀን በትክክል ተናግሯል፤ ቅጹን የያዘው እንግዳ ግን ስሕተት ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። እርሳስ ጨብጦ የማያውቅ እጅ ሥዕሉን ቢያጣምም፣ ጥፋቱ የአንጎሉ ነው ወይስ የእርሳሱ?

«ታዲያ ይተርጐማ!» የሚል ይኖራል። ቃሉ ቢተረጐም ፎቅ በሌለበት አገር ስለ ፎቅ መጠየቁ አይቀርም። የዚህ ጥናት አባት ከሚባሉት አንዱ የሆነው ሩሲያዊው ሉሪያ ይህን ስላወቀ፣ እ.ኤ.አ. በ1931ና በ1932 ኡዝቤኪስታን ድረስ ሄዶ ፊደል ካልቈጠሩ ገበሬዎች ጋር ተቀምጦ አሳባቸውን አጥንቷል።

እኛ ግን ያን ያህል መሄድ አያስፈልገንም፤ አያቶቻችን ዘንድ ነው የምንሄደው። መሣሪያው የአንጎልን ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ጥያቄውን የሚያዘጋጀው ግን የባላገሩን ቋንቋ፣ ተረቱንና የቀን አቈጣጠሩን የሚያውቅ ሰው ነው። ይህም የእኛ ፋኩልቲ ሥራ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አጣን እያልን ከምናማርር፣ ሁለት ሦስታችን ከሐኪሞቹ ጋር ተባብረን ብንጀምረው ያ ሽማግሌ ሳይታመም «ጃጀ» ከመባል፣ ታሞም ከሆነ «እርጅና ነው» ተብሎ ከመረሳት ይድን ነበር።