በስልክ መድኃኒት አናስቁም



«ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ» ይላል ያገራችን ሰው። እዚህ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ቡና በተጠጣ ቁጥር የሚነሳ አንድ ያልተጣራ ወሬ አለ። «አንቲባዮቲክ በአንጀት ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይፈጃል። ስለዚህ አገር ቤት ያለው፣ ኤች አይ ቪ በደሙ የሚገኝ ልጅ በየቀኑ የሚሰጠውን ባክትሪም ይተውና ከዚህ የምንልክለትን የፕሮባዮቲክ እንክብል ይውሰድ» ይባላል። ምክሩ በስልክ ይሄዳል፤ እንክብሉም በመንገደኛ ሻንጣ ይከተላል። መካሪዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ለልጁ የሚሳሱ ዘመዶች ናቸው። ይሁን እንጂ ምክሩ ልጅ ሊገድል ስለሚችል በይሉኝታ ዝም ልንለው አይገባም።

ወሬው የሚጥመው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። በእርግጥም ኤች አይ ቪ ገና ከጅምሩ ክፉኛ የሚያጠቃው አንጀትን ነው። በሽታ ከሚከላከሉልን ሕዋሳት እጅግ ብዙዎቹ የሚኖሩት በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ሲሆን፣ ቫይረሱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያወድማቸዋል። ጠባቂ ያጣው ግድግዳ ይሳሳል፤ የባክቴሪያ ስብርባሪ ወደ ደም ሾልኮ ይገባል፤ ሰውነትም ሌት ተቀን እንደተቆጣ ይኖራል። የቫይረሱ መድኃኒት በደም ውስጥ ያለውን ቫይረስ ቶሎ ቢቀንስም የአንጀት ጥገና ግን ጊዜ ይፈጃል። በልጅ ላይ ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ ገና በማደግ ላይ ያለ ሰውነት ላይ ነው።

«ታዲያ ለተጎዳ አንጀት አንቲባዮቲክ ምን ይፈይድለታል?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱም በጥናት ተገኝቷል። ዛምቢያ ውስጥ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመው ጥናት፣ ኮትሪሞክሳዞል፣ ማለትም ባክትሪም፣ ከተሰጣቸው ልጆች 28 በመቶው ሲሞቱ፣ መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ከተሰጣቸው ግን 42 በመቶው ሞተዋል። ያን ጊዜ እነዚያ ልጆች የቫይረሱን መድኃኒት አያገኙም ነበር። «ዛሬ እኮ ያገኛሉ» ቢባል ደግሞ መልሱ ከኡጋንዳና ከዚምባብዌ መጥቷል። የቫይረሱን መድኃኒት ከ96 ሳምንታት በላይ የወሰዱ 758 ልጆች በሁለት ተከፈሉ። ኮትሪሞክሳዞልን ካቋረጡት 382 ልጆች 72ቱ፣ ከቀጠሉት 376 ልጆች ደግሞ 48ቱ ሆስፒታል ገቡ ወይም ሞቱ። ይህ የታተመው በ2014 ነው። በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት ምክንያቱን ጭምር አሳየ፤ መድኃኒቱ በእነዚህ ልጆች አንጀት ውስጥ ያሉ አንዳንድ አስቆጪ ባክቴሪያዎችን እየቀነሰ የሰውነትን ቁጣ ያበርዳል። እንግዲህ አንጀት ያበላሻል ተብሎ የተወራበት መድኃኒት ለአንጀት ደጋፊ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ወደ እንክብሉ እንምጣ። በአሜሪካ በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ያለ ምርት ለገበያ ሲቀርብ እንደ መድኃኒት አስቀድሞ ተፈትኖ ፈቃድ አያገኝም። ውስጡ ያለው ሕይወት ያለው ባክቴሪያ ነው፤ ለደካማ ሰውነት ሁልጊዜ ወዳጅ አይደለም። በ2023 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ፕሮባዮቲክ መስጠት ለሕይወት የሚያሰጋ በሽታ ሊያመጣ እንደሚችል ሐኪሞችን አስጠንቅቋል። በዚያው ሻንጣ የሚላከው ቫይታሚንም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ካልሲየም ወይም አይረን ካለበትና በባዶ ሆድ ከዶሉቴግራቪር ጋር ከተዋጠ፣ ዋናው መድኃኒት በሚገባው መጠን ወደ ደም አይገባም።

«የእኛ እንጀራ እርሾ አለው፤ እሱ ይበቃዋል» የሚሉም አሉ። አስተማሪ ሳለሁ ለተማሪዎቼ እነግራቸው እንደነበረው፣ በእርሾው ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ምጣድ ላይ ይሞታሉ። እንጀራ ጥሩ ምግብ ነው፤ መድኃኒት ግን አይደለም።

ለመሆኑ ይህ ወሬ ለምን ሥር ሰደደ? ስለዚህ በሽታ የምናወራው በሹክሹክታ ስለሆነ ነው። ሐኪም ወይም ፋርማሲስት የሆኑ ስንት ወገኖች በመካከላችን እያሉ «የማን ልጅ ነው?» እንዳይሉን ፈርተን ሳንጠይቃቸው እንቀራለን። ስለ ኤድስ የመጀመሪያው የሕክምና ሪፖርት በ1981 የወጣው እዚሁ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በታመሙ አምስት ሰዎች ላይ ነበር። አገር ቤት የቫይረሱ መድኃኒት በነፃ መታደል የጀመረው ግን በ2005 ነው። በመካከሉ ስንቱን ቀበርን? ያን ያህል ተጠብቆ የመጣ ሕክምና በአንድ የስልክ ጥሪ ሊቋረጥ አይገባም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የተባለው ለእኛ ነው።

ልርዳ ለሚል ሰው ሥራ ሞልቷል። የእንክብሉ ገንዘብ ለእንቁላል፣ ለተፈላ ወተት፣ ለንጹሕ ውሃና ለክሊኒክ መመላለሻ ይዋል። ልጁ ከእኩዮቹ ጋር በአንድ መሶብ ይብላ፤ ኤች አይ ቪ አብሮ በመብላት አይተላለፍም። ባክትሪሙ የሚቆምበት ጊዜ ቢደርስ እንኳ የሚወስነው ልጁን የሚያየው ሐኪም ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አገር ቤት ሲደውሉ «አቁሙ» አይበሉ። «ሐኪሙ ምን አለ? መድኃኒቱስ አላለቀበትም?» ብለው ይጠይቁ።